በግርጌ በኩል ያለው ሾላ

ሐዋሳ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነበር። ከአሥር ሰዓት ወዲህ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ተነሥቶ ገመድ ላይ ያለውን ልብስ ያወራጨዋል። ቤት ውስጥ እኔና ጎረቤታችን ፍቅርተ ብቻ ነን። እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ከሻንጣዋ ዚፕ ጋር ትታገላለች፤ እኔ ጠረጴዛው ጋ ነኝ።

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ጨጓራሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም በባዶ ሆድሽ ነው ሥራ የምትገቢው? አዳማ ሰሞኑን ነፋሻማ ሆኗል ይላሉ፤ እውነት ነው? እጮኛሽ ደህና ነው? እናቱስ? እኔ ደህና ነኝ። ጠዋት ጠዋት ጉልበቴ ትንሽ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። ፍቅርተ ሰላም ብላሻለች። «ሳገኛት መጀመሪያ በጥፊ እላታለሁ፣ ከዚያ እስማታለሁ፤ ቅደም ተከተሉን ጻፊላት» ስላለችኝ ይኸው ጻፍኩት። ነገ ከሰዓት ወደ አዳማ ስለምትመጣ ደብዳቤውን በእጇ ትሰጥሻለች።

ነሐሴ ላይ ከዚህ ቤት ስትወጪ በሩ ላይ ቆመሽ «ስሙን እስክትነግሪኝ ድረስ አትደውዪልኝ» አልሽኝ። እኔ ግን ደውያለሁ። ስልኩን እያየሽ እንደምትተዪው አውቃለሁ። አልፈርድብሽም። የእጮኛሽ ሽማግሌዎች አባትሽን ሲጠይቁሽ የአያትሽን ስም ጠርተሽ አንገትሽን እንደደፋሽ ነግረሽኛል፤ ያ አንገት ከዓይኔ አልጠፋም። የዚያን ቀን ዝም ያልኩት ጥያቄሽን ንቄው አይደለም። አንቺ ሳትወለጂ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጄን አድርጌ የማልኩት ነገር አለ። ሰውዬው ቢሞትም መሐላው አልሞተም። ስለዚህ አንቺ የምትፈልጊያትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ዛሬም አልጽፋትም። የሆነውን ብቻ እጽፍልሻለሁ።

አቶ አምሳሉ አረፉ። ታቦር ላይ ግቢ ያላቸው፣ አዲስ ከተማ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የነበራቸው ሰውዬ። አንድ ጊዜ አግኝተሻቸዋል። ሰባተኛ ክፍል እያለሽ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ነጭ ፒካፕ አጠገብሽ ቆሞ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» ሲልሽ፣ «የእማዬ!» ብለሽው ሮጠሽ መጣሽ። እየሳቅሽ ነገርሽኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ ቆየሁ። «እማዬ፣ ምን እየፈለግሽ ነው?» ብለሽ እስክትጠሪኝ ድረስ እዚያው ቆሜ ነበር።

ጥቅምት 6 ቀን ነው ያረፉት። ስኳር ነበረባቸው።

ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን በአንቱታ መጻፍ አልቻልኩም።

የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት እዚያ መደብር ምስማር መዛኝ ነበርኩ። ምስማር የሚጠቀለለው በአሮጌ መጽሐፍ ነበር። በጆንያ ይመጣል፤ የትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ የፈረንጅ መጽሔት፣ ሽፋኑ የወለቀ መዝገበ ቃላት። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ማንበብ የለመድኩት እዚያ ባንኮኒ ሥር ነው። ገጹን ከመቅደዴ በፊት አነበዋለሁ፤ ደስ ያለኝን አጥፌ ደረቴ ውስጥ እከተዋለሁ። ስለዚህ እኔ የማውቀው ነገር ሁሉ ወይ መጀመሪያ ወይ መጨረሻ የለውም። ስለ ንብ ብዙ አውቃለሁ፤ ንቧ ቀፎ ከገባች በኋላ ምን እንደሆነች ግን ዛሬም አላውቅም፤ ያኛው ገጽ ሁለት ኪሎ ምስማር ተጠቅልሎበት ሄደ።

አንድ ቀን ባለ ቀለም ገጽ አገኘሁ። መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን ገንዳ አለ። ውስጡ ዓሣ፣ ዳክዬ፣ ነጭና ሰማያዊ የውሃ አበባ። በገንዳው ዙሪያ ዛፎች። ዛፎቹ ግን የላይኞቹ ቆመዋል፣ የጎኖቹ ተኝተዋል፣ የታችኞቹ በአናታቸው ተዘቅዝቀዋል። እንግሊዝኛውን እንዲያነብልኝ ለአምሳሉ ወሰድኩለት።

«የግብፅ ነው» አለኝ። «ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። መቃብር ቤት ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ የተሣለ የአትክልት ቦታ ነው።»

«ለሞተ ሰው አትክልት ምን ያደርግለታል?» አልኩት።

«ጥላ ነዋ! እዚያም ፀሐይ ሳይኖር አይቀርም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ አንዱን ዛፍ በጣቱ እየነካ «ይሄ ሾላ ነው ይላል» አለኝ። አላመንኩትም። ሾላ ማለት ሐይቁ ዳር ያለው፣ ጦጣ የሚንጫጫበት፣ ፍሬው ትል የማያጣው የእኛው ሾላ ነው። እሱ ግብፅ መቃብር ውስጥ ምን ይሠራል? ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። ሾላ ነው።

«ታዲያ ሠዓሊው ጠጥቶ ነው የዘቀዘቃቸው?» አልኩት። እሱ ገጹን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር እኔ ገባኝ። ሠዓሊው ገንዳው መሐል እንደቆመ ሰው ሆኖ ነው የሣለው። ፊቱን ወደ አራቱም ጎን እያዞረ፣ ያየውን ዛፍ ሁሉ ሥሩን ወደ ራሱ አድርጎ። ይህን ስነግረው ገጹን ትቶ እኔን አየኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ሌላም ሰው አይቶኝ አያውቅም። ሚስትና ልጆች እንዳሉት አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽሽም።

በዓመቱ ሥራውን ተውኩ። የተውኩት ቀሚሴ ስለጠበበኝ ነው። በወጣሁበት ቀን «አንድ ቀን እኔው ራሴ ቤቴ ውስጥ እናገረዋለሁ፤ እስከዚያ አንቺ አትናገሪ» ብሎ አስማለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ቀን ጠበቅሁ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይለኛል፤ እኔም ጎንበስ እላለሁ። ያ ብቻ ነበር።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ለጓደኞችሽ «እናቴ ቀለም ሥራ ላይ ናት» እንደምትዪም አውቃለሁ፤ ምን ላይ እንደምቀባ መንገር ይከብዳል። ግንበኛው ምንያህል የመቃብር ሐውልቱን ይገነባል፣ ይለስናል፤ እኔ እሥልበታለሁ። መጀመሪያ መስቀልና ርግብ ብቻ ነበር የምሥለው። በኋላ ያቺን ገጽ አውጥቼ የአትክልት ቦታውን ሞከርኩት። ገጹ ላይ ያልተቻለው በሐውልት ላይ ተቻለ፤ ገንዳውን ከላይ ጠፍጣፋው ላይ ሣልኩት፣ ዛፎቹን በአራቱም ጎን አቆምኳቸው። መተኛትም መዘቅዘቅም ቀረላቸው። ምንያህል እስከ ዛሬ «አንቺ ሴትዮ፣ ሙታን ሰላጣ ይበላሉ እንዴ?» እያለ ይቀልድብኛል። ሰው ግን ወደደው። አንዲት እናት «ልጆቹ በዙሪያው ቢቆሙለት» ስትለኝ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ዛፍ ሣልኩ፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሁሉ ገና ሳይቀመጥ የሚነግረኝ የልጆቹን ቁጥር ነው። ይህን ልማድ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም።

ከቀብሩ በሁለተኛው ሳምንት ምንያህል የሟቹን ባለቤት ወይዘሮ ታቢታን ይዟቸው መጣ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሌላ ሰው እንዲሥልለት ግን አልፈለግሁም። «አምስት ናቸው ልጆቻችን» አሉኝና ስለ እያንዳንዳቸው አወሩኝ። ትልቁ ችኩል ነው፣ ሐና ሳቂታ ናት፣ ሳሙኤል አልቃሻ ነበር፣ ሁለቱ ትንንሾች አሁንም አንድ አልጋ ላይ ተቃቅፈው ነው የሚተኙት። እያንዳንዷን ነገር ሰማሁ። በምሠራባቸው ቀናት ሁሉ በፔርሙዝ ሻይ ይዘው እየመጡ «ፀሐዩ አይምታሽ፣ እህቴ» ይሉኝ ነበር። ክፉ ሴት ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ገንዳውን ሰማያዊ አደረግሁት። ዓሣዎቹን እኛው ሐይቅ ውስጥ እንዳሉት ቀረሶ አድርጌ ሣልኳቸው። በቀኝ ሁለት ሾላ፣ በግራ ሁለት፣ በራስጌ አንድ። አምስት። ግርጌው ባዶ ቀረ። በግርጌ በኩል አጥሩ ቅርብ ነው፣ እሾህ አለ፣ ሰው አይሄድበትም። «እጄ አምልጦኝ ነው» ብልሽ ውሸት ይሆናል። ሁለት ቀን አስቤበት ነው። በሦስተኛው ቀን ምንያህል ምሳ ሲወጣ ተንበርክኬ አንድ ወጣት ሾላ ሣልኩ። ቀጭን፣ ወደ ላይ የሚያይ፣ ሦስት ፍሬ ያለው። ሥሩን ልክ እንደ ሌሎቹ አድርጌ ሣልኩት። ከእነሱ አላሳነስኩትም፤ አላስበለጥኩትምም። ስጨርስ እንደዚያ ቀን ቀና ብዬ የሄድኩበትን ቀን አላስታውስም።

ዛሬ የመታሰቢያ ጸሎቱ ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ መጣ፤ መዘምራን መጡ፤ አንድ ሽማግሌ ጸለዩ። እኔና ምንያህል ከኋላ ቆመን ነበር። ጸሎቱ ሲያልቅ የሟች እህት፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ባለ ከዘራ ባልቴት፣ ዛፎቹን መዞር ጀመሩ። «ሐና! ነይ እስቲ፤ ይሄ ወፍራሙ አንቺ ነሽ!» ይላሉ። ሐና «አክስቴ፣ በሞትሽ!» እያለች ትሸሻለች። «ሳሙኤል ደግሞ ይኸውና፣ ቅጠል ብቻ! ሚስት እስክታገባ ፍሬ የለህም!» ሲሉ ያለቀሰው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እሾሁን በከዘራቸው እየገፉ ወደ ግርጌ ዞሩ። «አምስት… ይሄስ? ይሄ የማን ነው?»

አንዱ «የልጅ ልጅ ይሆናላ» አለ። እትዬ አስካለ «የልጅ ልጅ ከሆነማ ጫካ ይሆን ነበር!» አሉ። እንደገና ሳቅ ሆነ። ወይዘሮ ታቢታ ግን አልሳቁም። መጥተው ዛፉን አዩት። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት «እህቴ፣ ስንት ነበር የነገርኩሽ?» አሉኝ።

«አምስት» አልኩ።

«ታዲያ ይሄስ?»

ልጄ፣ አፌ ላይ ነበርሽ። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ቀን መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር፤ ሰውዬው ከእንግዲህ አይናገርም፣ የሚናገር ካለ እኔ ነኝ። አምስቱም ልጆች ያዩኛል። ሐና ገና ሳቋ ከፊቷ አልጠፋም፤ ስትስቅ እንደ አንቺ ግራ ጉንጯ ይሰረጉዳል። እኔም «ተሳስቼ ነው» አልኩ።

ምንያህል አዘነልኝ መሰለኝ፣ «እሷ ሥዕል እንጂ ቁጥር አልተማረችም!» ብሎ ሰውን አሳቀ። ሁሉም ወደ መኪናቸው ሄዱ። ወይዘሮ ታቢታ አልሄዱም። ከአጥሩ ጋ እሾሁ ቀሚሳቸውን ይዞት ቆመው፣

«ወንድ ነው ሴት?» አሉኝ።

«ሴት» አልኩ።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። «ሐና ጡት ላይ እያለች» አሉ። ለእኔ አልነበረም የተናገሩት። ከዚያ «ያውቅ ነበር?» አሉኝ። «ያውቁ ነበር» አልኩ። «አይቷታል?» «አንድ ጊዜ። ከመኪና ውስጥ ሆነው።» ይህን ከአፌ ሲወጣ ስሰማ ራሴው ደነገጥኩ፤ እንደዚህ በአጭሩ ሲነገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮሁም። ቀሚሳቸውን ከእሾሁ ቀስ ብለው አላቀቁና «ነገ ማለዳ መጥተሽ በገዛ እጅሽ አጥፊው። ሌላ ሰው አልልክም። ልጆቼ ገና እያለቀሱለት ነው፤ ከእጃቸው ላይ ሁለተኛ አልቀብረውም» አሉኝ።

ሴትዮዋን አልቀየምኳቸውም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። «ይሄ የማን ነው?» ተብዬ «ተሳስቼ ነው» አልኩ። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ብዙ ሥራ ሠርቼ፣ ብዙ ነገር ተሳስቼ አውቃለሁ። ከተሳሳትኩት ውስጥ አንቺ የለሽበትም። ይህንን በሰው ፊት ማለት ሲገባኝ ለአንቺ በወረቀት እለዋለሁ። በልብሽ ውስጥ ለእኔ የቀረ ቦታ ካለ፣ የተቆጣሽውን ቁጣ አሁን አንድ ላይ ተቆጪኝና ጨርሺው። ከዚህ በላይ ዝም አትበዪኝ። እኔ ዝም በማለት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ምን እንደሚያደርግ አውቀዋለሁ።

ነገ ምን እንደማደርግ ገና አልወሰንኩም። ባልሄድ ሰው ይልኩ ይሆናል፣ ላይልኩም ይችላሉ። ብሄድ ሁለተኛ እክድሻለሁ። ፍቅርተ ዚፑን አሸንፋዋለች፤ «አሁንም እየጻፍሽ ነው? መጽሐፍ ነው እንዴ?» ትለኛለች።

እግዚአብሔር በምትቆሚበት ሁሉ ጥላ ያድርግልሽ። ትዳርሽን በር ዘግተው የማይነጋገሩበት ሳይሆን በር ከፍተው የሚጠራሩበት ቤት ያድርግልሽ። የምትወልጃቸው እንደ አንቺ ጠያቂዎች ይሁኑ፤ አንቺ ግን መልስ አትጪ።

እሑድ፣ ኅዳር 15 ቀን

ፖስታውን አላሸግሁትም ነበር።

ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ነፋስ የለም። ቶሎ የሚደርቅ ነጭ ቀለም፣ አረንጓዴ፣ ትንሽ ጥቁር፣ ሁለት ብሩሽና ጨርቅ በፌስታል አድርጌ በባጃጅ ሄድኩ። የመቃብሩ ቦታ ዘበኛ በሩን ከፈተልኝ። ከግርጌው ተንበረከክሁ። መጀመሪያ ፍሬዎቹን ቀባኋቸው፣ ሦስቱንም። ከዚያ ቅጠሉን፣ ከዚያ ግንዱን። ሥሩን መጨረሻ ላይ ነው የቀባሁት። በአንድ ጊዜ አልጠፋም፤ አረንጓዴው ከሥር ይታይ ነበር። እስኪደርቅ ተቀምጬ ጠብቄ ደገምኩት።

ሲጠፋ ግን ግርጌው ነጭ ብቻ ሆነ፤ ከአራቱ ጎን ዓይን የሚይዘው እሱ ሆነ። እትዬ አስካለ ደግመው መዞራቸው አይቀርም። ስለዚህ ደንገል ሣልኩበት። ያ ገጽ ላይ ከገንዳው ዳር ደንገል ነበረ፤ እኔ ግን ለማንም ሥዬ አላውቅም፤ አረም ይመስላል ይላሉ። ከመሬት እስከ ጠርዙ ድረስ፣ አንዱን ዘንግ በአንዱ ላይ እየደረብኩ፣ ነጩ እስከማይታይ ሞላሁት።

አራት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ታቢታ ብቻቸውን መጡ። ለቤተ ክርስቲያን የለበሱ ናቸው። እሾሁን አልፈው መጥተው ብዙ ቆሙ። «ሙሴንም እንዲህ ያለ ውስጥ ነው የደበቁት» አሉ። እኔ ብሩሼን እየጠረግሁ ነበር።

ስምሽን ጠየቁኝ።

ነገርኳቸው።

በሐውልቱ ላይ ጎንበስ ብለው፣ መዳፋቸውን ገንዳው ላይ አድርገው፣ አንድ ጊዜ ስምሽን ድምፃቸውን አውጥተው ጠሩት። ከዚያ ወደ መኪናቸው ሄዱ። እኔ ዕቃዬን ሰብስቤ በእግሬ ወደ ቤት መጣሁ።

እናትሽ